የአሶሳን ብርድ ላጠፉልን ክቡር ኃላፊ

አሶሳ፣ ግንቦት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አንለይ
የመኖሪያ ቤቶች ሙቀት ማጠራቀሚያ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደስታ፣ ለቢሮዎ የአየር ማቀዝቀዣ ደግሞ የማይቋረጥ መብራት ከልብ እመኛለሁ። የእኛን ደኅንነት ለመጠየቅ አስበው ከሆነ፣ እግዚአብሔርም አላህም ይመስገን፣ በላብ ታጥበን በላብ እየተለቃለቅን እስከዛሬ ደርሰናል።

ምናልባት ከተከራዮችዎ መካከል ለይተው ላያውቁኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ኪዳኔ ፈንታ ይባላል። በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ መጥቼ አምባ አሥራ አራት በሚባለው የሰፈራ መንደር ያደግሁ፣ ዛሬ የእንጨት ሥራ አሠልጣኝ የሆንኩ፣ ከሃያ አራቱ የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች በዘጠኝ ቁጥር የምኖር ሰው ነኝ። የእነዚህን ቤቶች የቀርከሃ ኮርኒስ ከአሥር ዓመት በፊት በገዛ እጄ የሠራሁት እኔ ነኝ። እርስዎም «ኋላ ቀር ነው» ብለው በአንድ ሳምንት ውስጥ ያስነቀሉት ያንኑ ኮርኒስ ነው። ይህን የምጽፈው ግን በቂም አይደለም፤ ቂም ለመያዝም ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይጠይቃል።

ደብዳቤውን በግልጽ ያደረግሁት በዝግ ፖስታ የላክናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከመዝገብ ቤትዎ መውጫ ስላጡ ነው። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ፣ የቀሩትን በከተማው የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ ለጥፌያለሁ። «ቅሬታ» የሚለው ቃል ለክቡርነትዎ ስለማይመጥን፣ ያለኝን ሁሉ «ምስጋና» ብዬ በተራ ቁጥር አስፍሬዋለሁ።

ወደ ምስጋናው ከመግባቴ በፊት ሰሌዳ ሥር ቆሞ ለሚያነበው መንገደኛ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ባለፈው ጥቅምት ከአዲሱ ኮርኒሳችን በላይ የተደረደሩት የፕላስቲክ ከረጢቶች ሰም መሰል ነገር የያዙ ናቸው። ይህ ሰም ሃያ ሦስት ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥ የቀኑን ሙቀት ይጠጣል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ይረጋና የጠጣውን ሙቀት ለቤቱ ይለቃል። አናት ላይ የተደረገ ቅቤ ፀሐይ ላይ ቀልጦ ቀዝቃዛ ሲያገኘው እንደሚረጋ ማለት ነው። ማገዶ አይፈልግ፣ መብራት አይፈልግ፣ ጭስ የለው። ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ውርጭ ለሆነበት አገር የተገኘ ግሩም ብልሃት ነው፤ ያገኘውን ሰው እጁ ይባረክ። አሶሳ ጣሪያ ሥር ያስቀመጠውን ሰው ግን እኔ መባረክ ስለማይሆንልኝ ለፈጣሪ ትቼዋለሁ።

፩. አሶሳ ውስጥ ሙቀት የሚያንሰው ሰው መኖሩን በማስታወቅዎ እናመሰግናለን። እኔ በሠላሳ ሁለት ዓመት ኑሮዬ እዚህ ከተማ ሰው ከሙቀት ሲሸሽ እንጂ ሙቀት ሲያጠራቅም አላየሁም። የካቲትና መጋቢት ሲመጡ አባወራው ምንጣፉን ይዞ ማንጎ ጥላ ሥር ይሰደዳል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ዘንድሮ ግን ፀሐይቱ ጠልቃ እፎይ ልንል ስንል፣ ሰምዎ የቀኑን ሙቀት አንድም ሳያጎድል ከራሳችን በላይ ይመልስልን ነበር። እንዲህ ያለ ታማኝ ባለአደራ በመንግሥት ቤት ውስጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

፪. በግድግዳውና በጣሪያው መካከል የነበሩትን የአየር መተላለፊያ ቀዳዳዎች «ሙቀት እንዳይባክን» በሚለው መመሪያ መሠረት በሲሚንቶ ስላስደፈኑልን እናመሰግናለን። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለውን ተረት ትርጉሙን እስከዚያ ቀን ድረስ በሚገባ አልተረዳሁትም ነበር። ቀዳዳዎቹ ክፍት ቢሆኑ ኖሮ የምሽቱ ነፋስ ሰሙን አርግቶት ባደረ፣ በማግስቱም ከአሁኑ ይልቅ ብዙ ሐሩር እየጠጣ ቤቱን ባቀዘቀዘልን ነበር። ይህን ለጽሕፈት ቤትዎ ባስረዳ «መመሪያው ላይ የለም» የሚል አጭርና ግልጽ መልስ ተሰጥቶኛል።

የአሥር ቁጥሯ ጎረቤቴ ኢቲዳል፣ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛና የስምንት ወር ሴት ልጅ እናት፣ አንድ ቀን ጠዋት በሬን አንኳኩታ «ኡስታዝ፣ ወላሂ ይሄ ቤት ትኩሳት ይዞታል፤ የእኔ ልጅ ገላዋ ሁሉ ሽፍ አለ፤ ለቤቱ ሐኪም ይምጣለት» ብላኛለች። ሐኪም አልመጣም። እሷም ልጇን አዝላ በእናቷ የቀርከሃ ቤት ማደር ጀመረች፤ ያ ቤት በግድግዳው ነፋስ ስለሚያስገባ የሕፃኗ ገላ በሳምንቱ ዳነ። ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣላት ግን «የተሰጠዎትን ቤት ባዶ ትተው በመገኘትዎ» የሚል የመጀመሪያ ደረጃ ማስጠንቀቂያ ነው። ማንበብ ስለማትችል ያነበብኩላት እኔ ነኝ። 

፫. በመጋቢት ወር ከበላይ አካል እንግዶች ሊጎበኙን ሲመጡ ስላለበሱን ጋቢም ሳላመሰግን አላልፍም። ሃያ አራት ጋቢ፣ ለየአባወራው አንድ አንድ። እኩለ ቀን ላይ፣ ጥላ በሌለበት ግቢ፣ እስከ ጆሯችን ተከናንበን ለፎቶ ተሰለፍን። ላቡ ከግንባሬ በዓይኔ በኩል ወደ ጉንጬ ሲወርድ አንዲት እንግዳ ትኩር ብለው ያዩኝ ነበር፤ የብርዱን ዘመን አስታውሼ የማለቅስ መስሏቸው እንደሆነ እንጃ። የእንግዶቹ መኪና ከግቢው እንደወጣ ጋቢዎቹ ተቆጥረው ተሰብስበው ወደ መጋዘንዎ ተመልሰዋል። አንደኛው ጋቢ ላይ የላብ እድፍ ተገኝቶ ምርመራ መጀመሩን ሰምቻለሁ። እድፉ የእኔ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፬. ባለሙያዎን አቶ ይልቃልን በየሳምንቱ ስለሚልኩልን እናመሰግናለን። ትሑት ወጣት ነው፤ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። ማክሰኞ ማክሰኞ ልክ በስምንት ሰዓት ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ የሙቀት መለኪያውን ሳሎን መካከል ያቆማል፣ አንድ ቁጥር ይጽፋል፣ ያስፈርመናል፣ ይሄዳል። ቁጥሩ ከፍ ካለ «እጅግ ጥሩ»፣ ዝቅ ካለ «ማሻሻያ ያስፈልገዋል» ይላል ቅጹ። የሚያዝያ ሪፖርትዎ «በአማካይ ሠላሳ አንድ ዲግሪ፤ ፕሮጀክቱ ግቡን ሙሉ በሙሉ መትቷል» ይላል። ደጅ ቢለካ ከዚያም ይበልጥ እንደነበር ልነግረው ስሞክር «ጋሼ ኪዳኔ፣ ደጁ እኮ በፕሮጀክቱ አልተካተተም» አለኝ። ኮርኒሱን አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም፤ አልፈርድበትም፣ ቅጹ ላይ ኮርኒስ የሚል ዓምድ የለም።

፭. በዚህኛው ግን ልቀልድበት ሞክሬ አልሆነልኝምና ክቡርነትዎ ይታገሡኝ።

ይህ ሰም ለማን እንደተጠና ያውቃሉ። ጥናቱ የተደረገው በክልላችን ደጋማ ወረዳ በወንበራ፣ በከተማዋ በደብረ ዘይት ነው፤ የሸዋዋ አይደለችም። እዚያ ካለው ጤና ጣቢያ አጠገብ የእናቶች ማቆያ አለ፤ ሁለት ክፍል፣ አሥራ ሁለት አልጋ። ከቆላ ቀበሌዎች የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ነው። ቆላ ለለመደ ገላ የደብረ ዘይት ውርጭ ከባድ ነው፤ እናቶቹ ብርዱን ሸሽተው ሳይወልዱ ወደ ቀያቸው እየወረዱ ስላስቸገሩ ነው ባለሙያዎች ለሁለቱ ክፍሎች ሦስት መቶ ከረጢት፣ የቀረውን ለማዋለጃው ክፍልና ለሠራተኞቹ ቤት ብለው በድምሩ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ከረጢት ያስመጡት።

ዕቃው አሶሳ ሲደርስ የክፍፍል ኮሚቴዎ ተሰበሰበ። ክልላችን ታዳጊ ነው፤ የመጣ ነገር ሁሉ፣ ትራክተርም ይሁን የወባ አጎበር፣ በድርሻ መከፋፈሉን ለምደናል፣ ደግ ልማድም ነው። ኮሚቴዎም በዚያው ልማዱ ሙቀቱን በፍትሐዊነት አከፋፈለው። ለክልሉ ርዕሰ ከተማ፣ ማለትም ለእኛ ሃያ አራት ቤቶች፣ ዘጠኝ መቶ ስድሳ፣ የቀረው ሁለት መቶ አርባ ለአምስት ወረዳዎች አርባ ስምንት አርባ ስምንት። እንደ እኛው ሐሩር ያለበት ማንቡክም ደረሰው። ከማንቡክ የመጣ ሰው እንደነገረኝ የእነሱ ድርሻ ከካርቶኑ ሳይወጣ መጋዘን ውስጥ ቀልጦ ተቀምጧል። ማንም አልተበደለም፤ ሙቀት ያልጎደለው ሁሉ ሙቀት ተጨመረለት። ብርድ ላይ ያለው ወንበራም እንደማንኛውም ወረዳ እኩል አርባ ስምንት ከረጢት አገኘ።

በዚያ ማቆያ የምትሠራው አዋላጅ ነርስ ስርጉት ኪዳኔ ልጄ ናት። አርባ ስምንቱ ከረጢት ከሁለት አልጋ በላይ ላለው ኮርኒስ ብቻ ስለበቃ፣ ልጄ ተራ አወጣች፤ እናቶቹ በዚያ ጥግ በተራ ይተኙ ጀመር። በታኅሣሥ ወር ብኸይታ የምትባል ወጣት ነፍሰ ጡር ከቆላ መጣች። ተራዋ የሚደርሳት በአራተኛው ቀን ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጨርቋን ጠቅልላ ለማንም ሳትናገር ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ምጡ መንገድ ላይ ያዛት፤ ያዋለዷት ገበያ የሚወጡ ሴቶች ናቸው። ስርጉት በሩጫ ስትደርስ ሕፃኑ ቀዝቅዞ ድምፅ አልነበረውም። ከእናቱ ደረት ጋር አጣብቃ፣ የራሷን ነጠላና የገበያተኞቹን ጨርቅ ደራርባ፣ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሕፃኑ ያለቀሰው ብዙ ቆይቶ ነው። ዛሬ በሕይወት አለ።

በስልክ ስታወራኝ አላለቀሰችም። «አባዬ፣ ይሄኛው ተርፏል፤ ቀጣዩ ላይተርፍ ይችላል። እናንተ ጋ ከኮርኒስ በላይ ተኝቶ ምን ያደርግላችኋል?» አለችኝ። ክቡር አቶ አንለይ፣ ተናደድኩ፤ ከንዴቱ የባሰው ግን ሐፍረቱ ነበር፤ የማልፈልገው ሙቀት ከራሴ በላይ ተከምሮ፣ የሚያስፈልጋት እናት ተራ ስትጠብቅ። እርስዎ አፍረው እንደሆነ አላውቅም፤ በሪፖርቱ ላይ አልተጠቀሰም።

፮. በጥር ወር ሃያ አራታችንም ፈርመን «ከእኛ ጣሪያ አንስታችሁ ለወንበራ ስጡልን» ብለን ስንለምን፣ በቃል ስለሰጡን መልስ እናመሰግናለን። አንደኛ፣ የጸደቀ ክፍፍል አይፈርስም፤ ሁለተኛ፣ ውጤታማ የሆነ ንብረት ከቦታው አይነሣም፤ ሦስተኛ፣ ጽሕፈት ቤቱ ተሽከርካሪ የለውም። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለመከራከር ትምህርቴ አይፈቅድልኝም። ስለ ሦስተኛው ግን፣ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። የማንጎ ወቅት በገባ ቁጥር ከአሶሳ ማንጎ ጭነው፣ ማንቡክ አድረው፣ እስከ ደብረ ዘይት የሚወጡ መኪናዎች እንዳሉ ገበያ የሚውል ሁሉ ያውቃል። ማንጎ ደጋ አይበቅልምና እዚያ ይወደዳል። ሰፈራችን ያለው ሾፌር ኢዘዲን ብቻውን በወር ሁለቴ ይመላለሳል። አንድ ኩንታል ማንጎ ከተራራው ከወጣ አንድ ካርቶን ሰም የማይወጣበት ምክንያት ቢኖር፣ ከእርስዎ በቀር የሚያውቀው የለም።

እንግዲህ ምስጋናዬን ጨርሻለሁ፤ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ክረምቱ ደጅ ላይ ነው፤ ከክረምቱ ኋላ ደግሞ የኅዳር ውርጭ አለ። ለወንበራ የተጠናውን ሰም ለወንበራ የሚሰጥ አንዲት የማዘዣ ወረቀት ይፈርሙ። ለኢቲዳል የጻፉትን ማስጠንቀቂያ ይሠርዙ። ሁለቱም የሚፈጁት ቀለም ለጋቢው ምርመራ ከዋለው አይበልጥም።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ በማባከኔ እጅግ እያፈርኩ፣ ለከፍተኛ አመራርዎ ያለኝን አክብሮት ዝቅ ብዬ፣ በጣም ዝቅ ብዬ፣ ቀዝቀዝ የሚለው ወለሉ አጠገብ ነውና እዚያው ሆኜ እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ እንደ ቆርቆሯችን ከፍ ብሎ፣ ዝናዎም እንደ ቤታችን ሞቅ ብሎ እንዲኖር እመኛለሁ።

ታዛዥዎና ባለዕዳዎ፣
ኪዳኔ ፈንታ
የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ፣ የቤት ቁጥር 9

ሳልጠቅሰው የቀረ፦ አቶ ይልቃል ባለፈው ማክሰኞ፣ ግንቦት 8 ቀን፣ እንደ ልማዱ መጥቶ ለክቶናል። ሪፖርቱ ከትናንት በስቲያ ቢሮዎ በር ላይ ተለጥፎ አንብቤዋለሁ፦ «በአማካይ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ፤ ካለፈው ወር የሁለት ዲግሪ መሻሻል ታይቷል፤ የሰሙ ሙቀት የማጠራቀም አቅም እንደተጠበቀ ነው» ይላል። እንኳን ደስ ያለዎት። ይሁንና ዘጠኝ መቶ ስድሳውንም ከረጢት ቅዳሜ ሚያዝያ 28 ቀን በገዛ መሰላሌ አውርጄ፣ ቀዳዳዎቹንም በገዛ መሮዬ ከፍቼ፣ ዕቃውን በኢዘዲን መኪና ከማንጎው ጋር ልኬዋለሁ። አቶ ይልቃል የለካው ባዶ ኮርኒስ ነው። ሁለቱ ዲግሪ የጨመረውም ቀን ቀን ሙቀቱን የሚጠጣልን ሰም ስለሌለ ነው፤ ምሽት ላይ ግን፣ እርስዎ የማይለኩት ሰዓት ላይ፣ ኢቲዳልና ልጇ ቤታቸው ተመልሰው ደኅና ይተኛሉ። የጤና ጣቢያው የንብረት ገቢ ደረሰኝ በቁጥርና በፊርማ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ አንድም አልጎደለም። ተጠያቂ ካስፈለገ መሰላሉ የእኔ ብቻ ነው።

ስርጉት ትናንት ደውላ ነበር። በማቆያው ውስጥ ሰባት እናቶች አሉ፤ ተራ ቀርቷል፤ ሰሙ ከተሰቀለ ወዲህ አንዲትም አልሄደችም። እንግዲህ ሃያ አራቱን ጋቢ ከመጋዘን አውጥተው ለቢሮዎ ሠራተኞች ቢያድሉ መልካም ነው፤ በዚያ ማቀዝቀዣ የተነሣ አሶሳ ውስጥ ብርድ ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነውና።